ሳትጠራ የጠጣችው

ኦላና ቦሩ ሰው አይቀድምም። ይህ ጠባዩ ነው፤ ለጥቂት ሳይገድለው የቀረውም ይኸው ጠባዩ ነው።

በጉልበቱ ዘመን ከአሬሮ ወዲያ፣ ቀዩን መሬት ሰንጥቆ ወደ ታች በሚወርድ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ላይ አባ ሄሬጋ ነበር። ቦረኖች ጉድጓዱን ኤላ ይሉታል፤ አባ ሄሬጋ ደግሞ የኤላው ወረፋ አስከባሪ ነው። ዛሬ የማን መንጋ ይጠጣል፣ የማን ይከተላል፣ የማን ለነገ ይቆያል፣ ይህን የሚናገረው እሱ ነው። ቀላል ሥራ የሚመስለው ካለ፣ በጥማት የነደደ መንጋ ውሃ ሲሸተው አላየም ማለት ነው። ኦላና በትሩን አግድም ይዞ የገንዳው መግቢያ ላይ ይቆምና የባለመንጋውን ስም ከነአባቱ ይጠራል። የተጠራ ይገባል። ያልተጠራ፣ ባለጸጋም ይሁን ተሰሚ ሽማግሌ፣ አቧራ እየቃመ ይጠብቃል። የገዛ ከብቶቹ ግን ሁልጊዜ መጨረሻ ነበሩ። ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለዚህ ነገር ዕድሜ ልኳን ስትነጫነጭበት ኖራለች። «የሰው ጥጃ ጠግባ ስትቦርቅ የእኔዋ ምላሷን ጎልጉላ ትቆማለች» ትለው ነበር። እሱ ይስቃል። መጨረሻ መሆን ያኮራው ነበር።

ድርቁ ከብቶቹን ከጨረሰ በኋላ ነገሌ ቦረና መጥቶ ልጁ ዲንኪቱ ቤት ተጠጋ። ዲንኪቱ መናኸሪያው አጠገብ የግመል ወተት ትሸጣለች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከቤቱ ይልቅ መንገድ ላይ የሚኖር ሰው ነው፤ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት። ለአባቷ ሥራ አልሰጠችውም። ሥራ የሌለው ሰው ደግሞ ሕልም ያያል።

ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ ቀይ አቧራውን እያዞረ መንደሩን ሲያስስ፣ ኦላና ግቢው ውስጥ ካለችው ግራር ሥር ቁርበቱን አንጥፎ ጋደም ይላል። ያኔ ኤላው ይመጣል። ከጉድጓዱ ሆድ ውስጥ ጎበዛዝቱ አንዱ ከአንዱ ትከሻ በላይ ቆመው ባልዲ ሲቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ውሃውን ወደ ብርሃን ሲያወጡ ይሰማዋል። ከብቶቹ ረጋ ብለው በየተራቸው ቆመዋል። አየሩ የርጥብ ጭቃ ሽታ ይሸታል። እስከዚህ ድረስ ደስ የሚል ሕልም ነው። ነገር ግን ወንድሙ ገልገሎ ከሞተ ወዲህ ሕልሙ ተበላሽቷል። ኦላና ስም ለመጥራት አፉን ሲከፍት ገንዳው ጥግ አንዲት ትንሽ ነገር አጎንብሳ ትጠጣለች። ጥጃ ትሁን ጠቦት አይለይም። ማንም አልጠራትም። «ሂጂ!» ሊላት ሲሞክር ድምፁ አይወጣለትም፤ እሷም ቀና አትልም። ከዚያ ይነቃል፤ ላብ አጥምቆት፣ እጁ በቀኝ ጎኑ ላይ ሆኖ።

ገልገሎ የሞተው ሆዱ አብጦ፣ ዐይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ክንዱ ከስቶ ነው። ሐኪም ዘንድ ሲያደርሱት ካንሰሩ ጉበቱን ሞልቶት ነበር። ምክንያቱ ለዓመታት ደሙ ውስጥ ተደብቆ የኖረ የጉበት ቫይረስ ነው ተባለ፤ ቫይረሱ በቤተሰብ ውስጥ ስለሚዛመት የሥጋ ዘመድ ሁሉ ደሙን እንዲሰጥ ታዘዘ። ቫይረሱ ከኦላናም ከዲንኪቱም ተገኘ። ሁለቱም መድኃኒት ጀመሩ፤ በየመንፈቁ ደግሞ ጉበታቸው በአልትራሳውንድ እንዲታይ ተነገራቸው።

የነገረቻቸው ሙኒራ ናት። ሙኒራ እዚያው ነገሌ ተወልዳ ያደገች የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ አባቷ ከስልጤ መጥቶ ገበያው ውስጥ ሱቅ ከፍቶ የከበረ ሰው ነው። እሷ ግን ሜትርና መቀስ አልስብ ብሏት ተምራ የአልትራሳውንድ ባለሙያ ሆነች። አማርኛውን ጀምራ በኦሮምኛ ትጨርሳለች፣ ኦሮምኛውን ጀምራ በአማርኛ ትጨርሳለች፤ ሰው ሁሉ ይወዳታል።

«አባባ» አለችው ያን ጊዜ፣ «ቫይረሱ ያለበት ጉበት ላይ ካንሰር ሲጀምር አያምም። ካመመ ዘግይቷል ማለት ነው። ስለዚህ ሳያምዎት እናየዋለን። ትንሽ ሳለ ካገኘነው ይነቀላል።»

«ሳያመኝ ምን ልታዪ ነው?»

«የሚያምዎትን ነገር፣ ገና ሳይመጣ።»

ኦላና ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ ገብቶት ሳይሆን ልጅቷ እንዳታፍር ብሎ ነው። የሰው ሆድ ዕቃ ቆሞ እየሄደ፣ ነፍስ እያለው የሚታይበት አገር ሊዋጥለት አልቻለም። ከዚያ በላይ ደግሞ ፈራ። ገልገሎን ያጠበው እሱ ነው። ያንን ሆድ በእጁ ነክቶታል። የራሱ ውስጥ ያ ነገር ካለ ማወቅ አልፈለገም፤ በቃ፣ ይህ ነው እውነቱ።

ታዲያ ቀጠሮው ሲደርስ ምን አደረገ? አልቀረም። ኩታውን አጣፍቶ፣ በትሩን ይዞ፣ በጠዋት ክሊኒኩ ሄደ። የወረፋው ወንበር ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ እርጉዝ ሴት መጣች፤ «ግቢ ልጄ፣ አንቺ ሁለት ነፍስ ነሽ» አላት። ከአሬሮ በጭነት መኪና ላይ ሲንገጫገጭ ያደረ ሽማግሌ መጣ፤ «መንገደኛ ይቀድማል» ብሎ አስገባው። ልጇን ያዘለች መጣች፣ ጎኑን የያዘ ጎረምሳ መጣ፣ ሁሉም ገቡ። ሰው ሲገፋፋ ኦላና ይነሣና በትሩን አግድም ይይዛል። «ስምህ ማነው? የአባትህስ? ከማን ቀጥሎ መጣህ?» ይላል። ክሊኒኩ ከተከፈተ ወዲህ እንዲያ ያለ ሥርዓት ታይቶ አያውቅም። ዘበኛው ወንበሩን ለቀቀለት። ሁሉ አልቆ ሙኒራ ራሷ ብቅ ስትል ደግሞ፣ «ዛሬማ ወተት ጠጥቻለሁ፤ ባዶ ሆድ ብለሽኝ አልነበር?» ይላታል። ከዚያ ደስ ብሎት፣ የሰው ምርቃት ተሸክሞ ቤቱ ይገባል።

«ታዩ እንዴ?» ትለዋለች ዲንኪቱ።

«ታየሁ።»

«ምን አሉ?»

«ናጋ ነው፣ ኢንታላኮ፤ ሰላም ነው፣ ልጄ። አንቺስ መቼ ነው የምትታዪው?»

«አንቱ መጀመሪያ ደኅና ይሁኑልኝ። እኔ ምን እሆናለሁ? ወተቱን ለማን ትቼ እሄዳለሁ?»

እሱም ነገሩን አይገፋበትም። መንፈቁ አለፈ፤ ሌላው መንፈቅም በዚሁ መንገድ አለፈ። ዐይኑን በጨው አጥቦ የዋሸ እንዳይመስላችሁ። ሲዋሽ አንደበቱ ይተሳሰር ነበር። ነገር ግን ሰውን ሲያስቀድም ውሎ የመጣ ሰው ኃጢአተኛ ነኝ ብሎ እንዴት ያስባል? ፍርሃቱን ደግነት አልብሶት ይዞት ይዞር ነበር፤ ልብሱም ልክክ ብሎለት ነበር።

ነገሩ የፈረጠው በወተት ነው። ሙኒራ ሁልጊዜ ከሥራ ስትወጣ ከዲንኪቱ ወተት ትገዛለች። አንድ ቀን ጆጓን እያስሞላች ሳቅ አለችና፣ «አባትሽ እኮ ክሊኒካችንን አስተካከሉት። ዘበኛው ደሞዜን ለሳቸው ስጡልኝ እያለ ነው። ግን እሳቸው ራሳቸው መቼ ነው የሚታዩት?» አለቻት።

ዲንኪቱ ወተቱን መሬት ላይ አፈሰሰችው።

ኦላና ይህን የሰማው ቆይቶ ነው። ያን ዕለት ግን ከግራሯ ሥር ጋደም ብሎ፣ ያቺ ትንሽ ነገር ገንዳው ላይ እያጎነበሰች ሳለ፣ የግቢው በር በርግዶ ሲከፈት ነቃ። ልጁ ቆማለች። ነጠላዋ ወልቆ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እጇ ወተት በወተት ነው።

«አባኮ» አለች፤ «አባቴ» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መናገር አቃታት። አቧራው ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። ኦላና ልጁ ስታለቅስ ያየው እናቷ የሞተች ጊዜ ብቻ ነው። 

«ማን ነካሽ?»

«አንቱ ነዎት የነኩኝ! ጋሽ ገልገሎን ስንቀብር፣ አንቱን እንዳልቀብር ብዬ ተሳልኩ። አንቱ ግን እዚያ ቁጭ ብለው ሰው ያስቀድማሉ። ማንን ነው የሚያስቀድሙት? ሞትን ነው እንዴ?»

ኦላና በትሩን ፈለገ፤ አጠገቡ ነበር፤ ግን አላነሣውም። «ነገ እገባለሁ» አለ። «ፈርቼ ነው» ብሎም ጨመረ፤ ይህ ቃል ከአፉ ሲወጣ የሰማ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

በማግስቱ ዲንኪቱ ክንዱን ይዛ አስገባችው። የሙኒራ ክፍል ጨለም ያለ ነው፤ መስኮቱ ላይ አረንጓዴ መጋረጃ አለ፤ ብርሃኑ በቅጠል ውስጥ ያለፈ ይመስላል። አልጋው ላይ አጋደመችው። ጄሉ ሲነካው ዘለለ፤ ሙኒራም «ይቅርታ አባባ፣ ቀዝቃዛ ነው» አለች። ከዚያ መሣሪያዋን ከጎድኑ ሥር አሳርፋ ቀስ ብላ መንዳት ጀመረች። ስክሪኑ ላይ ግራጫ ነገር ተንቀሳቀሰ። ኦላና ለማየት አላሰበም ነበር፤ ግን አየ። ምሽት ላይ መንጋ ሲመለስ የሚነሣውን አቧራ መሰለው። በአቧራው ውስጥ የሆኑ ነገሮች ያልፋሉ፤ ይቀርባሉ፣ ይርቃሉ። ትንፋሹ ሲገባ ሁሉም አብሮ ይነሣል፣ ሲወጣ አብሮ ይተኛል። ይህ እኔ ነኝ እንዴ አለ በልቡ። እንዲህ ሰፊ አገር ይዤ ነው የምዞረው? ፍርሃቱን እንኳ ለትንሽ ጊዜ ረሳው።

የሙኒራ እጅ ቆመ። ተመለሰች። እንደገና እዚያው ቆመች።

«ምን አየሽ?»

«አንዲት ነጥብ አለች።» ድምፅዋ ለሰለሰ። «ትንሽ ናት። ከዙሪያዋ ጠቆር ትላለች።»

«ውሃ ናት?»

«ውሃ አይደለችም። ግን በዚህ መሣሪያ ስሟን ልነግርዎ አልችልም። ይህ መኖሯን ነው የሚያሳየኝ እንጂ ማንነቷን አይነግረኝም። ሀዋሳ ሄደው ሲቲ ስካን መነሣት አለብዎት። እሱ ጠባይዋን ያሳያል።»

ጠባይዋን። ቃሉ ከኦላና ጋር ቀረ።

ሀዋሳ የሄዱት በአውቶቡስ ነው። ከክብረ መንግሥት በኋላ ደኑ መጣ፤ ከደኑ በኋላ ጉም መጣ። ኦላና ጉም አይወድም። አርቆ ማየት የለመደ ሰው ነው፤ እጁን ዘርግቶ የማያይበት አገር ያፍነዋል። ዲንኪቱ ጭንቅላቱን ትከሻዋ ላይ አሳረፈችው። መስኮቱ ላይ ነጩ ነገር እየታሸ ሲያልፍ ዐይኑ ከበደው። በእንቅልፉ ውስጥ ጉሙ ከብት ሆነ። ነጫጭ ከብቶች፣ ጫፍ የሌላቸው፣ ድምፅ የሌላቸው፣ ወደ ውሃ የሚወርዱ። ስማቸውን ሊጠራ ፈለገ፤ ባለቤት አልነበራቸውም። ሲነቃ ሐይቁ ደርሶ ነበር፤ ዲንኪቱ ትከሻዋ ደንዝዞ እንኳ አልተንቀሳቀሰችም።

የሲቲው መሣሪያ ትልቅ ነጭ ቀለበት ነው። አንዲት ነርስ ክንዱ ላይ መርፌ አስገባችና ረጋ ብላ ነገረችው፤ በመርፌው ማቅለሚያ መድኃኒት ይገባል፣ ሰውነቱን ሙቀት ይሰማዋል፣ መድኃኒቱ በደም ሥር እየሄደ ጉበት ሲደርስ መሣሪያው ደጋግሞ ያነሣል። ከዚያ ወጥታ በሩን ዘጋች። አልጋው ብቻውን ተንቀሳቀሰ። ኦላና ያ ዋቃ፣ አምላኬ፣ አለ።

ሙቀቱ ከክንዱ ተነሣ። ወደ ጉሮሮው ወጣ፣ ከዚያ ወደ ሆዱ ወረደ፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ውሃ ውስጥ እንደ መግባት ነበር። «ትንፋሽዎን ይያዙ» አለ አንድ ድምፅ ከግድግዳው። ያዘ። ዐይኑን ጨፈነ። ኤላው ተከፈተ።

ዛሬ ግን ከላይ፣ ከመግቢያው ላይ አልቆመም። ኤላው ራሱ እሱ ነበር። ጎበዛዝቱ በጎድኖቹ ላይ እርስ በርስ ተደራርበው ቆመው ባልዲ ይቀባበላሉ፤ ዘፈናቸው ደረቱ ውስጥ ያስተጋባል። ውሃው ከታች ይመጣል፣ ሙቅ ነው፣ ብርሃን አለው። ከሁሉ ሥር ገልገሎ ቆሟል፤ ሆዱ አላበጠም፣ ክንዱ እንደ ጥንቱ ነው። ኦላና «ወንድሜ፣ ማናት ሳትጠራ የምትጠጣው?» አለው። ገልገሎ ቀና ብሎ አየው፤ ፈገግ አለ። «አስከባሪው አንተ አይደለህ እንዴ? እኔን ትጠይቀኛለህ?» አለ። «ይተንፍሱ» አለ ግድግዳው። ኦላና ተነፈሰ፤ ኤላው ተዘጋ። ጉንጩ ላይ እንባ ወርዶ ጆሮው ውስጥ ገብቶ ነበር።

ሥዕሉን ያነበበው ዶክተር ወንዶሰን የሚባል ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሁለቱን ክፍሉ አስገብቶ ስክሪኑን ወደነሱ አዞረው። ማን ያውቃል፣ ምናልባት የሽማግሌው ዐይን አስገድዶት ይሆናል።

«ይህ መድኃኒቱ ገና እንደገባ የተነሣ ነው» አለ። «ጉበትዎ ይኸውና። ገና አልደረሰውም፣ ጠቆር እንዳለ ነው። እዚህ ጋ ይመልከቱ።»

በጠቆረው ጉበት መካከል አንዲት ትንሽ ነጥብ ነጭ ሆና በርታለች።

«ይህ ደግሞ ጥቂት ቆይቶ ነው። አሁን ጉበቱ በሙሉ መድኃኒቱን አግኝቷል፣ ነጥቷል። እሷስ?»

ነጥቧ ጠቁራለች። ሁሉ ሲበራ እሷ ጠፍታለች።

ኦላና ወንበሩ ላይ ወደፊት ሳብ አለ። ልቡ ይደልቃል፤ ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። የሚያውቀውን ነገር ፊት ለፊት ያየ ሰው ድንጋጤ ነበር።

«ቀድማ ጠጣች» አለ። «ሌላው ተራውን ሲጠብቅ እሷ ዘላ ገባች። ሌላው መጠጣት ሲጀምር እሷ ጨርሳ ወጣች።»

«እንደሱ ነው፣ አባት። ጤነኛው ጉበት ደሙን በብዛት የሚያገኘው በሌላ ቧንቧ ነው፣ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። እሷ ግን ለራሷ ከዋናው መስመር ቀጥላለች።»

«ስሟ ማነው?»

ዶክተሩ ዲንኪቱን አየ፤ ከዚያ ወደ ኦላና ተመለሰ። «ካንሰር ነው» አለ። «ሌላ ሰው ላይ ብመለከታት ኖሮ በመርፌ ከሥጋዋ ቆንጥሬ ካላየሁ አልናገርም ነበር። እርስዎ ግን ቫይረሱ ለዓመታት የኖረብዎት ሰው ነዎት፤ ወንድምዎም በዚሁ ነው የሞቱት። በእንዲህ ያለ ጉበት ላይ፣ ይህን ያህል ሆና፣ እንዲህ ቀድማ ጠጥታ ቀድማ የምትጠፋ ነጥብ ሌላ ስም የላትም። መውጋት አያስፈልገንም። ጠባይዋ ነግሮናል።»

ዲንኪቱ አፏን በእጇ ጫነች። ኦላና ስክሪኑን አየ። ከግራሯ ሥር ስንት ቀን ያስጨነቀችው ፊት የሌላት ነገር ይቺ ናት። አሁን ፊት አላት። የሚገርመው፣ ፍርሃቱ አነሰ። የማይታይ ነገር ነው ጉልበቱን የጨረሰው እንጂ ወረፋ የሰበረማ ስንቱን መልሷል!

«ትገድለኛለች?»

«ብንተዋት አዎ። ግን ብቻዋን ናት፣ ትንሽ ናት፣ የተቀረው ጉበትዎ ገና ብርታት አለው። አዲስ አበባ ቆርጠው የሚያወጡ ሐኪሞች አሉ፤ እጽፍልዎታለሁ። ያገኘናት በጊዜ ነው። ሌላ መንፈቅ ቢያልፍ ይህን አልልዎትም ነበር።» ከዚያ ወረቀቱን እየሳበ እንዲያው ለነገሩ ያህል ጠየቀ። «ቤት ውስጥ ቫይረሱ ያለበት ሌላ ሰው አለ?»



«እኔ» አለች ዲንኪቱ።

«አልትራሳውንድ መቼ ታየሽ?»

ዲንኪቱ የነጠላዋን ጫፍ ማጠንጠን ያዘች። «የሳቸው ነገር ሲያልቅ ብዬ ነው። ወተቱም አለ። ሰው የለኝም…»

ኦላና ልጁን አየ። ያቺን ድምፅ ያውቃታል። ክሊኒኩ ወንበር ላይ ተቀምጦ «ግቢ ልጄ፣ አንቺ ቅደሚ» ሲል የሚያወጣት ድምፅ ናት። ካንሰር ሲባል ያልተናጋ ሰው አሁን ወሽመጡ ተቆረጠ። ስንት ዓመት ሙሉ በየገንዳው ላይ ቆሞ የሰው ስም ሲጠራ፣ የእሱዋ ከኋላ ቆማለች። ሚስቱ ከመቃብር ተነሥታ ጆሮው ሥር የተናገረች መሰለው። የእኔዋ ምላሷን ጎልጉላ ትቆማለች። ያን ጊዜ ይስቅ ነበር።

በመልሱ መንገድ አልተኛም። ጉሙ መጣ፣ ጉሙ ሄደ፤ ኦላና ዐይኑን ከፍቶ ተቀመጠ። ዲንኪቱ ናት ዛሬ ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጥላ ያንቀላፋችው። 

ነገሌ በገቡ ማግስት በጠዋት ኩታውን አጣፋ። «ተነሺ» አላት። «ወተት እንዳትቀምሺ።»

«አባኮ፣ አሁን የአንቱን አዲስ አበባ ነው የምናስበው፤ የኔ ይደርሳል…»

«ተነሺ አልኩሽ።»

ክሊኒኩ ሞልቶ ነበር። ዘበኛው ኦላናን ሲያይ ደስታውን አልቻለም፤ «አካም ጂርታ፣ አባባ!» ብሎ ደኅንነቱን ጠይቆ ወንበር ሳበለት። ኦላና ግን አልተቀመጠም። ዲንኪቱ ተቀመጠች። ወዲያው አንዲት ልጇን ያዘለች ሴት መጥታ በሩ አጠገብ ቆመች፤ ልጁ ይነጫነጫል። ዲንኪቱ ቦታዋን አየች፣ ሴቲቱን አየች፣ ከዚያ ተነሣች። «ነይ እህቴ፣ አንቺ ቅደሚ፤ እኔ አልቸኩልም» አለች። አባቷ ያስተማራትን ነው ያደረገችው።

ኦላና በትሩን አነሣ። አግድም ያዘው፤ በሙኒራ በር ፊት ቆመ። ደረቱን ሞልቶ ተነፈሰና፣ በሕልሙ አልወጣ ያለው ድምፅ፣ የኤላው ድምፅ፣ ወጣ።

«ዲንኪቱ ኦላና! ኮቱ!»

 የሚነጫነጨው ልጅ ሳይቀር ዝም አለ። ዲንኪቱ ባለችበት ደርቃ ቀረች፤ በሕይወቷ አባቷ በዚያ ድምፅ የእሷን ስም ሲጠራ ሰምታ አታውቅም።

«ኮቱ ብያለሁ፤ ነይ! የተራ ጌታ እኔ ነኝ። ይቺ ልጄ ናት። ዛሬ እሷ ናት የምትቀድመው» አለ። ልጅ ያዘለችው ሴት ፈገግ ብላ ወደኋላ አለች፤ ዲንኪቱም ፊቷን በነጠላዋ እየጠረገች በበትሩ ሥር አልፋ ገባች። እጁን ይዛ ጎትታ እሱንም አስገባችው።

አረንጓዴው ብርሃን እንዳለ ነው። ዲንኪቱ ተጋደመች። ሙኒራ ምንም ሳትናገር ጄሉን ቀባች፤ መሣሪያዋን አሳረፈች። አቧራው ስክሪኑ ላይ ተነሣ። ኦላና ከልጁ ራስጌ ቆሞ፣ ያ ማየት የማይወድ ሰው፣ ዐይኑን ሳያርገበግብ አየ። ለራሱ እንዲህ አልፈራም ነበር። ግራጫው አገር በዝግታ ያልፋል። ይነሣል፣ ይተኛል። የሙኒራ እጅ እዚህ ቆሞ፣ እዚያ ቆሞ፣ ደግሞ ሄደ። በውጭ መናኸሪያው ላይ አንድ አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋ።

«ንጹሕ ነው» አለች ሙኒራ። «ምንም የለም፣ ዲንኪቱ።»

«እንደገና እዪው» አለ ኦላና።

ሙኒራ ቀና ብላ አየችው። አልሳቀችም። እንደገና ከጥግ ጀመረች፤ ከቀድሞው ይበልጥ ቀስ አለች፤ የምታልፈውን ሁሉ በጣቷ እያሳየችው ሄደች። መጨረሻ ላይ መሣሪያውን አነሣች።

«ንጹሕ ነው፣ አባባ።»

ኦላና የአልጋውን ጠርዝ ያዘ። ዲንኪቱ ሆዷ ላይ ያለውን ጄል ሳትጠርግ እጁን ፈልጋ ያዘችው፤ ሁለቱም አለቀሱ፤ ሙኒራ መጋረጃውን የምታስተካክል መስላ ጀርባዋን ሰጠቻቸው።

«መቼ ነው የምትመለሰው?» አለ ኦላና፣ ድምፁን ሲያገኝ።

«ከመንፈቅ በኋላ።»

ኦላና አሰበ። መንፈቅ ሩቅ ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ አለ፤ ቢላዋ አለ።

«እኔ ካለሁ እጠራታለሁ» አላት። «ከሌለሁ አንቺ ጥሪያት። አልመጣም ትልሻለች፣ ወተት ትልሻለች፣ ሰው ታስቀድማለች። አትስሚያት። ከነአባቷ ስም ጥሪያት፤ ዲንኪቱ ኦላና በያት።»

«እሺ፣ አባባ» አለች ሙኒራ።

ኦላናም በትሩን በሩ ጥግ አስደግፎ ትቶት ወጣ።